መንገድ ላይ ስጠፋብህ

ለተወደድኸው ታናሽ ወንድሜ ለኢድሪሳ፤

የአላህ ሰላም በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። እንደምን ሰነበትህ? ሌሊቱን በደኅና ታድራለህን? ቀኝ እጅህ እንዴት ነው? እግርህስ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ያደርስሃል? እህል ይወስድልሃል? በረዶው ለቀቃችሁ ወይስ ዛሬም ደጁን እንደያዘ ነው? ልጅህ ራማታ፣ ባለቤቷና ልጆቿ ሁሉም ደኅና ናቸውን? እኔ ታላቅህ ራስማኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በጤና እገኛለሁ። ለሶላት ስንበረከክ ጉልበቴ ያጉረመርማል፤ እስካሁን ግን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ራማታ ልጄ፥ ይህን ደብዳቤ ለአባትሽ የምታነቢለት አንቺ ነሽና አደራዬን አስቀድሜ ልንገርሽ። በስልክ እንደምትልኪልኝ ጽሑፍ ነጥብና ሰረዝ የሌለው አድርገሽ አትሩጪበት። አራት ነጥብ ስታገኚ ቁሚ፤ ፊቱን ተመልከቺ፤ ከዚያ ቀጥዪ። አባትሽ መናገር ተሳነው እንጂ መስማት አልተሳነውም።

ኢድሪሳ፥ የምጽፍልህ ሰሞኑን በመካከላችን የሆነውን ነገር በሥርዓቱ ልገልጽልህና አንድ ልመና ላቀርብልህ ነው። በስልክ ልናገረው ሞክሬ ነበር። ራማታ ስልኩን ጆሮህ ላይ ስታደርገው እኔ እናገራለሁ፤ አንተ ትተነፍሳለህ፤ ጥቂት ቆይቼ የራሴን ድምፅ ብቻ እሰማለሁና የምለው ይጠፋኛል። በኮምፒዩተሩ ጨዋታ አብረን በምንነዳበት ሰዓት ደግሞ ያለን መብራትና ክላክስ ብቻ ነው። መብራት መንገዱ ነጻ መሆኑን ይናገራል እንጂ ልብ ውስጥ ያለውን አይናገርም።

ደብዳቤው ሲነበብ የራማታ ልጆች አጠገብህ እንደሚቀመጡ ስለማውቅ፣ አንተ የምታውቀውን ጭምር ለእነርሱ ስል ከመጀመሪያው ላውጋ። ልጆች ሆይ፥ አያታችሁ ዕድሜውን ሙሉ ከዋጋዱጉ እስከ ቴማ ወደብ የጭነት መኪና ነድቷል። እኔ መምህር ሆኜ አንድ ሰሌዳ ፊት ስቆም፣ እርሱ ድንበር ሲሻገር ኖረ። ሲመለስ መኪናውን የሚያቆመው እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነበር። ዘይት የፈሰሰበት መሬት ዛሬም ሣር አያበቅልም፤ ግቢውን ስጠርግ ዙሪያውን እሄዳለሁ እንጂ ያን ቦታ አልነካውም። ያ ክፉ ሕመም ግማሽ አካሉንና ንግግሩን በወሰደበት ጊዜ እናታችሁ መጥታ ወደ እናንተ አገር ወሰደችው። መልካም አደረገች። ባለቤቴ ፖኮ ቀድማ አርፋ ስለ ነበር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ግቢ ውስጥ እንዴት አደርህ የሚለኝ ሰው የለም። ከመስጊድ ስንወጣ ሁሉም ወደ ልጅ ልጁ ይቸኩላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላም ይሉኛል፤ አንዳቸውም ግን ደጄን አልፈው አይገቡም። አሁንም የቤት ሥራቸውን የምጠይቃቸው ሳይመስላቸው አይቀርም።

አባታችሁ ሱሌይማን ለአያታችሁ ኮምፒዩተርና መሪ ገዝቶ፣ የጭነት መኪና የሚነዳበትን ጨዋታ አስገባለት። በግራ እጁ ብቻ እንደሚነዳና ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሣቀ ራማታ ጻፈችልኝ። ሌላ ሰውም ከሩቅ አገር ሆኖ እዚያው መንገድ ላይ መግባት እንደሚችል ጨመረችልኝ። ያን ቃል ደጋግሜ አነበብሁት። በማግስቱ ኮቴን ለበስሁና ለጨዋታ ቤቶች ኮምፒዩተር ወደምትገጣጥመው ወደ ፔላዢ ቶኤ ሱቅ ሄድሁ፤ ተራ ኮምፒዩተር ያን ጨዋታ አይሸከምም ተብዬ ነበርና።

ስገባ ወጣቶቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነሡ። ፔላዢ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና ‹አባባ፥ የልጅ ልጅዎን ፍለጋ ከሆነ እዚህ የለም፤ ቢኖርም እኔ አላየሁትም› አለችኝ። ኮምፒዩተር ልገዛ እንደ መጣሁ፣ የምጫወተውም እኔው ራሴ መሆኔን ነገርኋት። ስሜንና አገሬን ጠየቀችኝ። የያቴንጋ ሞሲ መሆኔን ስትሰማ ጊዜ አጨበጨበች፤ ‹እንግዲያማ ሎሌዬ ነህ! እስካሁን የት ጠፍተህ ነው? ግባ፣ ግባ፤ መጥረጊያው ያውልህ!› አለች። ለካ ሳሞ ናት። ልጆች ሆይ፥ እኛ ሞሲዎችና ሳሞዎች ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ መሰዳደብ የተፈቀደልን፣ መቀያየም ግን የተከለከለብን ሕዝቦች ነን። ስለዚህ እኔም ‹ጎረቤቴ ውሻውን ቤት ውስጥ እንዲቆልፍ ነግሬው ነው የመጣሁት፤ ሳሞዎች ውሻ ትበላላችሁና ሳሞ ባለበት ሠፈር ውሻ ዕድሜ የለውም› አልኋት። ወጣቶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ኢድሪሳ፥ ሰው ‹አንተ› ብሎ የጠራኝ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ደስ አለኝ።

ኮምፒዩተሩን ስትገጣጥም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዕቃው ከቴማ በጭነት መኪና የመጣ ነው፤ አንተ በኖርህበት መንገድ። አንጎሉ ላይ አንዲት ምስር የምታክል ግራጫ ቅባት ጠብ አደረገች፤ ሙቀቱን ወደ ላይ የምታሳልፈው እርሷ ናት። ሥዕሉን የምታወጣዋን ካርድ አንሥታ አሳየችኝና ‹ሎሌዬ፥ ይቺን እያት፤ የምትግለው እሷ ናት፤ አንተ እሷን ካላቀዘቀዝክ እሷ አንተን ታሰናብታለች› አለች። ከፊት አየር የሚስቡ፣ ከኋላ የሚያስወጡ ማራገቢያዎች አሰረችለት። ‹በፊት ይስባል፣ በኋላ ይለቃል፤ ልክ ባቄላ እንደበላ ሞሲ› ስትል ልጆች ባይሰሙት ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የተባለውን መለወጥ ልማዴ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ብሎኖች እኔ አጠበቅሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አንተው ታውቃቸዋለህ። ከሞተር ብስክሌት በቀር ነድቼ የማላውቀውን እኔን ከኋላህ አስከትለህ ያን ሁሉ አገር አሻገርኸኝ። ግራ ፍሬቻ ስታበራ ‹አትቅደመኝ›፣ ቀኝ ስታበራ ‹እለፍ› ማለትህ እንደ ሆነ ተማርሁ። ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጥቼ ጉድጓድ ስገባ ክላክስህን ሁለት ጊዜ ትነፋለህ፤ ሳቅህ መሆኑን አውቃለሁ። የጨዋታው አገር የእኛ አይደለም። ፍተሻ የለበትም፤ የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ወደ መስኮት የምትሮጥ ሴት የለችበትም፤ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ በደጃቸው የተቀመጠ ሰው አላየሁም። ቢሆንም ወደቡን ቴማ፣ ረጅሙን ዳገት ደግሞ በአንተ ስም ጠርቼዋለሁ። ከፊቴ የኋላ መብራትህ ቀይ ሆኖ እስከታየኝ ድረስ አገሩ ባዶ አይመስለኝም።

ያለችን ሰዓት ግን አንዲት ናት። አንተ ብርታት የምታገኘው ጠዋት፣ ታጥበህ ቁርስህን ከበላህ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትደክማለህ። የእናንተ ጠዋት ደግሞ የእኛ ቀትር ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ጥላ ሥር በሚጋደምበት ሰዓት እኔ ሞተር አስነሣለሁ። ጾሙ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ሲብስ የበሩን እጀታ በጨርቅ ካልሆነ መያዝ አቃተን። ኮምፒዩተሩ ማፏጨት ጀመረ፤ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ድርግም ይላል። እስኪበርድ ጠብቄ ስመለስ አንተ መንገድ ዳር ቆመህ አገኝሃለሁ።

ያን ጊዜ ማንንም ሳላማክር አንድ ነገር አደረግሁ። የቤታችን ቀዝቃዛ ቦታ የት እንደ ሆነ አንተም አትረሳውም፤ ትልቁ የውሃ ጋን በእርጥብ አሸዋ ላይ የሚቀመጥበት ማዕዘን ነው። መድኃኒት የምናኖረው እዚያ፣ የኮላ ፍሬ የምናኖረው እዚያ ነው። ትኩሳት ሲይዝህ እናታችን የምታስተኛህ ከጋኑ አጠገብ አልነበረምን? እኔም የጋለውን ኮምፒዩተር ወስጄ እዚያው አስቀመጥሁት፤ ከመንዳታችንም በፊት አሸዋውን ውሃ አጠጣለሁ። ፉጨቱ ቆመ። ብዙ ቀን ሳልጠፋብህ ተከተልሁህ። በልቤም ፔላዢ ያላሰበችውን አሰብሁ ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ ያ የአቧራ ነፋስ መጣ። ሰማዩ ቀልቶ ዋለ፤ በሩን ብዘጋም አቧራው በስንጥቁ ሁሉ ገባ። በጨዋታው ውስጥ በረዶ ይጥላል፤ እኛ ያን ረጅም ዳገት እየወጣን ነበር። የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተኝ፤ አንድ ነገር ጧ አለ፤ መብራትህ ከፊቴ ጠፋ።

ፔላዢ ኮምፒዩተሩን ከፍታ ባየች ጊዜ ‹ወይ ሎሌዬ! የጭቃ ቤት ሠርተህበታል እኮ! በር ብቻ ነው የቀረው!› ብላ ጮኸች። ማራገቢያዎቹ የሳቡት አቧራ ከጋኑ ላብ ጋር ተለውሶ ውስጡን ሁሉ ለስኖታል። የት እንዳስቀመጥሁት ስትጠይቀኝ ከጋኑ አጠገብ አልኋት። ሳቋን አቆመች። ‹የኔም እናት መድኃኒቷን እዚያ ነው የምታስቀምጠው፤ ልነግርህ ይገባኝ ነበር› አለችና መጥረጊያ ብሩሿን አነሣች። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዕቃ ግን ተቃጥሎ ነበር፤ ሌላው ከቴማ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ።

በመካከሉ ራማታ ደወለችልኝ። ራማታ ልጄ፥ ያልሽውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ አትፈሪ፤ አንብቢለት። ‹አጎቴ፥ አባዬ መኪናውን ዳገቱ ላይ ዳር አስይዞ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ተቀምጧል። በየጠዋቱ እንደዚያው ነው። ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞርብኛል። አጎቴ ደኅና ነው፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው፣ ጨዋታ እኮ ነው ስለው ጭራሽ ተቆጣኝ። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ሱሌይማን እንዲህ ከቀጠለ ማሽኑን ከቤት አወጣዋለሁ ብሏል።› ስትናገር ታለቅስ ነበር።

ወንድሜ፥ እኔ አልተቆጣሁህም፤ ምን እያደረግህ እንደ ነበር ገብቶኛልና። የእናንተን የሹፌሮች ሕግ አውቀዋለሁ። የጓደኛው መኪና ሲበላሽ ሹፌር ጥሎት አይሄድም። ቅርንጫፍ ቆርጦ ከመኪናው ኋላ መንገዱ ላይ ያነጥፋል፤ ከጎኑ ይተኛል፤ የጓደኛው ሞተር ሳይነሣ ድስት አይጥድም። አንተ ያን ሕግ ስትጠብቅ ስንት ጊዜ ከስተህ ወደዚህ ግቢ ገብተሃል! በጨዋታው ውስጥ ቅርንጫፍ የሚቆረጥበት ባይኖር መብራትህን አበራህ። ነገር ግን አንተ እዚያ መንገድ ላይ ስትራብ፣ እኔ እዚህ የገዛ ጎድጓዳ ሳህኔን ሳልጨርስ እነሣ ነበር። ማሽኑ ከቤት ወጣ ማለትም እኔና አንተ ዳግመኛ አንገናኝም ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ አውሮፕላን አልሳፈርም፤ አንተም አትመለስም።

ዕቃው መጣና ፔላዢ እንደገና ሠራችው። አሁን ከጋኑ ርቆ፣ ከወለሉም ከፍ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ እንዳይመታው ከመስኮቱ ውጭ ሰሌን ሰቅያለሁ። አየር በሚስብበት በኩል አቧራ የሚያጣራ የሴት ስቶኪንግ ወጥራበታለች። ስቶኪንጉን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ባለሱቁ የቀድሞ ተማሪዬ ነበርና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሸጠልኝ። በመጨረሻም ፔላዢ ‹ውበቱን ቀንሰን ዕድሜውን እንጨምር› ብላ የሥዕሉን ጌጥ አወረደችው፤ ካርዷ ብዙ እንዳትለፋ ነው። ከእንግዲህ በእኔ በኩል ዛፎቹ ጥላ የላቸውም፤ በረዶም አይጥልም። ስመለስ ያው ዳገት ላይ፣ ያው ቦታ አራት መብራትህ ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። መብራቴን አበራሁልህ። ክላክስህን ነፋኸው፤ ነፋኸው፤ ራማታ የተሰበረ መስሏት ከማጀት ሮጠች አሉኝ።

በዚያው ዕለት ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ። የጀመርሁት ግን በሌላ ቃል ነበር። የእኛ ሙቀት ገና አላለፈም፤ ስቶኪንግም ሰሌንም እያለ አንዳንድ ቀን መጥፋቴ አይቀርም። ስለዚህ ታላቅህ እንደ መሆኔ፣ ስጠፋብህ እንዳትቆም፣ መንገድህን እንድትቀጥል በጥብቅ አዘዝሁህ። ዓረፍተ ነገሩ የተስተካከለ ነበር፤ አንዲት ቃል የምትነቀል አልነበረችበትም።

ሐሙስ ዕለት ግን የጠፋኸው አንተ ነህ። ሜዳው ላይ ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ ዓይኔን ወደ ፍጥነት መለኪያው አድርሼ ስመልስ የለህም። ዳር ያዝሁ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። ራማታ ጋ ስደውል ስልኳ አይነሣም። ቆየሁ። ፔላዢ ማራገቢያዎቹን ልታይ መጥታ እጇን ሣጥኑ ላይ ስታሳርፍ ‹ሎሌዬ፥ አጥፋው! እሳት ሆኗል እኮ!› አለች። ‹አላጠፋም፤ ይመጣል› አልኋት። ‹ካርዷ ከተቃጠለች የሚመጣበት መንገድም የለም፣ ግትር ሞሲ!› አለችኝ። ‹ካጠፋሁት ሲመጣ አያገኘኝም› አልሁ። ፊቴን አየችው። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የቆዳ ማራገቢያውን አውርዳ ከሣጥኑ ጎን ተቀመጠችና ማራገብ ጀመረች፤ ‹የሞሲ ንጉሥ እንኳን በሳሞ እጅ እንዲህ አልተራገበለትም፤ ለልጅ ልጆችህ ንገር› ትላለች እያላበች። ክንዷ ሲዝል ከቤቷ የተላከላትን ባቄላና ሩዝ ከፈተችና ‹በል ቅመስ፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላህም› አለችኝ።

ፊቴን አዞርሁባት።

ራማታ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው። መሪውን እንደ ያዝህ እንቅልፍ ወስዶህ፣ ሱሌይማን እንዳትነቃ ብሎ ማሽኑን ቀስ አድርጎ አጥፍቶልህ ኖሯል። አልሐምዱሊላህ አልሁ። ፔላዢም ማራገቢያውን ጥላ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እኔም አራቱን ፍሬቻ አጠፋሁ።

ስለዚህ ኢድሪሳ፥ ያን ትእዛዝ ከዚህ ደብዳቤ አውጥቼዋለሁ። መንገድህን ቀጥል አልልህም። ስጠፋብህ ጠብቀኝ። መብራትህን አብራና ጠብቀኝ፤ የሚጠብቀኝ ሰው ካለ እኔም ቶሎ እመለሳለሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እየበላህ ጠብቀኝ። መኪናው ሲቆም እጅህ ነጻ ነው፤ ራማታ ሳህኑን ስታቀርብልህ ፊትህን አታዙርባት። በእናንተ ሕግ ላይ ይህችን እንጨምር፤ የሚጠብቅ ሰው ይበላል። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ከሐሙስ ወዲህ አንድ ሳህን ከመሪው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ከሁለታችን አንዳችን የማይመለስበት ቀን ይመጣል፤ ታላቅ ነኝና ተራው የእኔ ይመስለኛል። ለዚያ ቀን የማዝህ ነገር የለኝም። እስከዚያ ግን ብላ፤ ወንድሜ፥ ብላ።

ለልጄ ለራማታ፦ እጅሽን እስማለሁ፤ በእኔ ምክንያት ያለቀስሽው ይብቃሽ። ለሱሌይማን፦ ማሽኑን ከቤት እንዳታወጣ እለምንሃለሁ፤ ወንድሜ ይበላል፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ለልጃችሁ ለአዋ፦ የአያትሽን ኮምፒዩተር ማራገቢያ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊለት፤ ጋን አጠገብ ግን አታስቀምጪው። ለወንድሟ ለትንሹ ማሊክ፦ ክላክሱን ያለ ምክንያት አትንፋ፤ የሚሰማው ሰው አለ። ፔላዢ ቶኤም ሰላም ብላሃለች፤ ‹ያኛው ሎሌዬ ሳህኑን ካልጨረሰ መጥቼ ማሽኑን እኔ እነዳዋለሁ በለው› ብላለች። ደብዳቤውን እርሷ በስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ ዛሬውኑ ትልክልሃለች፤ ዋናው ወረቀት ግን በፖስታ ይደርስሃል፤ የእጄ ጽሑፍ ቤትህ ውስጥ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ራስማኔ

ዋጋዱጉ፣ ጉንጊን ሠፈር
ኤፕሪል 27 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.